ጠብ ሲል ስደፍን

ሚኒሶታ ውስጥ በአንድ ሐበሻ ቤት ስንት ፓርቲ እንዳለ ማወቅ የፈለገ ሰው፣ ሳሎን ተቀምጦ ስለ አገር ቤት ፖለቲካ መጠየቅ አያስፈልገውም። በጃንዋሪ ወር የመታጠቢያ ቤቱን ፋን ማብሪያ ማጥፊያ አንድ ጠዋት ቢታዘብ ይበቃዋል። አንዱ ይገባና ቀጭ ያደርጋል፤ ኮርኒሱ ላይ ያለው ፋን ማጓራት ይጀምራል። ሌላው ተከትሎ ይገባና ቀጭ ያደርጋል፤ ቤቱ ጸጥ ይላል። የሚያበራው ወገን ሻጋታ ፈሪ ነው፤ የሚያጠፋው ብርድ ፈሪ። በመካከላቸው የመብራት የሚከፍለው አባወራ አለ። እሱ ሁለቱንም ይፈራል፤ ከሁለቱ የበለጠ ግን ቢሉን።

በእኛ ቤት ሻጋታ ፈሪዎቹ እኔና ባለቤቴ ነን። የብርድ ፈሪዎቹ ወገን ሊቀመንበርም፣ ጸሐፊም፣ ብቸኛ አባልም እናቴ ናት። ሁለት ለአንድ ብንሆንም በድምፅ ብልጫ አሸንፈናት አናውቅም። እናቴ የደብረ ብርሃን ሰው ናት። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ተወልዶ ያደገ ሰው ስለ ብርድ ከማንም ትምህርት አይቀበልም። ሕጓም አጭር ነው፦ ገላውን የታጠበ ሰው ነፋስ እንዳያገኘው፤ ካገኘው አለቀለት። ከዚያ ወዲያ የሚመጣ ሳል፣ የወገብ ቁርጥማት፣ የአንገት መገተር፣ ከስንት ዓመት በኋላ የሚነሣ የጉልበት ሕመም ሳይቀር መነሻው ያች ዕለት ናት።

አገር ቤት ይህ ሕግ ማንንም አልጎዳም። ቤቱ ራሱ ሕጉን አያከብርም ነበርና። መታጠቢያ ቤታችን ከጣራው ሥር አንዲት ጠባብ መስኮት ነበረችው። መስታወቷ ተሰብሮ በካርቶን ተጋርዳለች፤ ካርቶኑም ጥጉ ላይ ተገንጥሏል። በበሩ ሥር ድመት ጎንበስ ብላ ታልፋለች። ቆርቆሮው ከግድግዳው በሚገጥምበት ቦታ ደግሞ ሰማይ ይታያል። እናቴ መስኮቱን ገፋ አድርጋ "ነፋሱን ከለከልሁት" ብላ ተማምና ትታጠባለች፤ እንፋሎቱ በየቀዳዳው ፈቃድ ሳይጠይቅ ይወጣል። ስለ ፋን የሚያወራ ሰው አልነበረም፤ ኮርኒስ ላይ ሻጋታም አልነበረም። ኮርኒስ ራሱ አልነበረም።

የሚኒሶታ ቤት ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 30 ቀን 2019 ሚኒያፖሊስ ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገብታ ነበር። እንዲህ ባለ አገር ቤት የሚሠራ ሰው ቀዳዳ ጠላቱ ነው። ግድግዳው በኢንሱሌሽን ይጠቀጠቃል፣ መስኮቱ ድርብ መስታወት ይሆናል፣ የበሩ ዙሪያ ጎማ ይለጠፍበታል። የአሜሪካ የቤት ግንባታ ደንብ መታጠቢያ ቤት ወይ የሚከፈት መስኮት፣ ወይ አየሩን ወደ ውጭ የሚያወጣ ፋን ይኑረው ይላል። የእኛ መታጠቢያ ቤት ከመሃል ቤት ስለሆነ መስኮት የለውም። ቢኖረውስ በዚያ ብርድ ማን ይከፍታል? እናቴ ዓይኗ እያየ፣ ማንም።

እስቲ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። 25 ዲግሪ የሞቀ አንድ ሜትር ኩብ አየር ቢበዛ 23 ግራም ያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ ይሸከማል። ያው አየር ወደ ዜሮ ሲወርድ የሚችለው 5 ግራም ገደማ ብቻ ነው፤ ከዜሮ በታች 20 ሲደርስ ደግሞ 1 ግራም ያህል። የተረፈውን ያገኘው ቀዝቃዛ ነገር ላይ ጥሎት ይሄዳል። የእኛ መታጠቢያ ቤት 9 ሜትር ኩብ ገደማ ናት። አንድ ሰው በሙቅ ውሃ ታጥቦ ሲወጣ አየሩ ላይ ብቻ አንድ ብርጭቆ ውሃ ተንሳፎ ይቀራል ማለት ነው፤ ግድግዳው፣ መጋረጃውና ፎጣው ላይ ያለው ሳይቆጠር። በዚያ ላይ እናቴ የልብስ ማድረቂያ ማሽን አታምንም። "ጋቢ ያኮማትራል" ትላለች። ስለዚህ በእጇ አጥባ የሻወሩ ዘንግ ላይ ታሰጣዋለች። አንድ ርጥብ ጋቢ ስንት ብርጭቆ እንደሚሆን አልመዘንሁም፤ ዘንጉ ግን ጎብጧል።

ፋኑ በጠፋ ቁጥር ያ ሁሉ ውሃ ኮርኒሱ ጥግ ላይ ይሰበሰባል፤ ሰንበትበት ሲል ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣል። ሐበሻ ሻጋታ ሲያይ መጀመሪያ በረኪና ያነሣል፣ ቀጥሎ ቀለም። በሜይ ይቀባል፤ በጃንዋሪ ነጠብጣቡ ከነዘመዱ ይመለሳል። በሚቀጥለው ሜይ እንደገና ይቀባል። ጠብ ሲል ስደፍን የሚሉት ኑሮ ይኸው ነው፤ አገር ለቆ የወጣም አያመልጠውም።

እንግዲህ ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ሻጋታ ፈሪዎች ባሸነፍን ነበር። ነገር ግን በአንዱ የጃንዋሪ ሳምንት እናቴ ታማ ስለተኛች ፋኑን የሚያጠፋው ጠፋ፣ እኛም እንዳሻን አበራነው። ያን ጊዜ ፋኑ ራሱ ማንጠብጠብ ጀመረ። ሰማዩ እንደ ጠራ ነው፤ ዝናብ የለም፣ የሚቀልጥ በረዶ የለም። የፋኑ ሽፋን ጥግ ላይ፣ አቧራው እንደ ጥጥ በተከመረበት ቦታ፣ የሻይ መልክ ያላት ጠብታ ትንጠለጠላለች። ትንሽ ትንቀጠቀጣለች፣ ትወፍራለች፣ ከዚያ ልክ መጸዳጃው ላይ የተቀመጠው ሰው ማጅራት ላይ ታርፋለች። ሰውየው እዚያ ሁኔታ ላይ ሆኖ መሸሽ እንደማይችል ታውቃለች።

ጣራ ሠሪ ተጠራ። ከታች ሆኖ አየ፣ መሰላል አቁሞ አየ፣ ከዚያም ጣራው በሙሉ መቀየር አለበት ብሎ ዋጋውን ጻፈልን። ዋጋውን ካየን በኋላ ለወዳጅ ዘመድ ደወልን፤ ሐበሻ ደግሞ ስለ ቤት ጥገና ሲጠየቅ አላውቅም ማለት ነውር ይመስለዋል። አንዱ ትልቅ ፋን ግዛ አለ። አንዱ ፋኑን በፕላስቲክ ሸፍነው አለ። አንዱ ደግሞ ቤቱን ሽጠው አለ። አቲክ ወጥተህ እይ ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ቀደም ሲል ራሱ ወጥቶ ነበርና እንጨት ሳይሆን ጂፕሰም ረግጦ አንድ እግሩ ከሳሎኑ ኮርኒስ ወርዶ፣ ከታች ቡና የሚጠጡት እንግዶች ካልሲው የተቀደደ መሆኑን ሁሉ አይተዋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው። ስለዚህ ምክሩ በሁለት ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ ነበር፤ "ውጣ። እንጨቱን እንጂ ነጩን እንዳትረግጥ።"

አቲክ ማለት በኮርኒሱና በጣራው መካከል ያለው ባዶ ቦታ ነው። ሙቀቱ ከታች እንዲቀር ኢንሱሌሽኑ ወለሉ ላይ ይነጠፋል፤ አቲኩ ራሱ ግን የውጭ አገር ነው፣ ብርዱ ከደጁ ብዙ አይለይም። መብራት ይዤ አንገቴን ሳሰግግ በመጀመሪያ ያየሁት ምስማሮቹን ነው። ከጣራው እንጨት ሾልከው የወጡት የምስማር ጫፎች በሙሉ እያንዳንዳቸው ነጭ የበረዶ ቆብ ደፍተዋል። ከቤት ሾልኮ የወጣ እንፋሎት ብረት ሲያገኝ እዚያው ይረጋል። ቀጥሎ ቱቦውን አየሁት። ቤቱን አድሶ የሸጠልን ሰው ፋኑ ላይ የሰካው ቀጭን ነጭ ፕላስቲክ ነው፤ በሽቦ ጥምዝ ላይ የተወጠረ፣ ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ። ከፋኑ ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል፣ መሃል ላይ እንደገና ተልፈስፍሶ ይወርዳል፣ መጨረሻው ከጣራው ክፈፍ አጠገብ ወድቋል። ከምንም ጋር አልተያያዘም። የተልፈሰፈሰውን ሆዱን ከፍ ሳደርገው ውስጡ ውሃ ተንቦጫቦጨ፤ ግድግዳው ላይ በረዶ ተጋግሯል።

እናቴ ድና ኖሮ ከመሰላሉ ሥር ቆማለች።

"ምን አገኘህ?"

"ቱቦ።"

"ምን ለብሷል?"

"ማን?"

"ቱቦው ነዋ!"

"ምንም አልለበሰም፣ እማዬ።"

"በዚህ ብርድ? ራቁቱን?" አለች፤ ከዚያም እንደ ሐኪም ረጋ ብላ፦ "በቃ፣ ብርድ መታው። ከሙቅ ወጥቶ በአንዴ ብርድ ውስጥ ገባ። እኔ ስናገር መች ትሰሙኛላችሁ!"

ከላይ ሆኜ መልስ ፈለግሁ፤ አጣሁ። ምክንያቱም ትክክል ናት። ከሰው ላይ አንሥታ ወደ ቱቦ ስታዞረው የብርድ ፈሪዎች ትምህርት ከፊዚክስ ጋር አንድ ሆኖ ቁጭ አለ። ፋኑ የሚልከው አየር የሞቀና ርጥብ ነው። ቱቦው ቀጭን ነው፣ ዙሪያው ከዜሮ በታች ነው። 23 ግራም ተሸክሞ የገባው አየር ከቱቦው ሳይወጣ ሸክሙን ያራግፋል። እየታጠብን ሳለን ይንጠባጠባል፤ ብርዱ ሲጠና ውስጡ በረዶ ሆኖ ይጋገራል፤ ውጭው ለቀቅ ሲል ወይም ሌላ ሰው ሲታጠብ ይቀልጥና በመጣበት መንገድ ወደ ፋኑ ይመለሳል። ፋኑ ቢጠፋ እንኳ ሙቅ አየር ሁልጊዜ ሽቅብ ስለሆነ ቀስ እያለ ቱቦው ውስጥ መግባቱን አይተውም። ጣራው አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም። ቱቦው ምጣድ ላይ ያለ የብረት አክንባሎ ማለት ነው፤ እንጀራው ሲበስል ብረቱ ያልበዋል፣ ላቡ ጠብ ብሎ የእንጀራውን ዓይን ያጠፋዋል። እናቴ ይህን ነገርኋት። "ድሮስ የብረት አክንባሎ አክንባሎ ሆኖ ነው?" አለች።

"ታዲያ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ሁለት አለ፤ አንዱን ጠቅልልበት" ብላ ሐሳብ አቀረበች። በመሠረቱ ከዚህ የተለየ ነገር የሚናገር ባለሙያ የለም። ልዩነቱ ብርድ ልብሱ ሱፍ ሳይሆን ፋይበርግላስ መሆኑ ነው፤ ከላዩም የአሉሚኒየም ሽፋን ለብሶ ይሸጣል። ብርድ የመከላከል አቅሙ አር በሚባል ቁጥር ይለካል፤ እንደ ሚኒሶታ ላለ ብርድ አር-8 የተጻፈበትን መግዛት ነው። ከዚያም ቱቦውን አየር ላይ እንዳይንጠለጠል ዝቅ አድርጎ፣ ወለሉ ላይ ካለው ኢንሱሌሽን ውስጥ ቀብሮ ማሳለፍ ይቻላል። ያን ጊዜ ከቤት ሙቀት የራቀ ነገር አይሆንም።

ልብስ ብቻውን ግን አይበቃም፤ መንገዱም መስተካከል አለበት። ያንን የሚንኮሻኮሽ ፕላስቲክ አውጥቶ መጣል ነው። ልሙጥ የቆርቆሮ ቱቦ አየሩን ሳያንገላታ ያሳልፋል፤ የሚታጠፍ ቱቦ ግዴታ ከሆነም እንዳይልፈሰፈስ ወጠር ማድረግ። የፋኑ አፍ 6 ኢንች ከሆነ ቱቦውም 6 ኢንች ይሁን፤ 4 ኢንች ርካሽ ነው ብሎ ማጥበብ ሠላሳ ሰው በአንድ ጠባብ በር እንዲወጣ ማዘዝ ነው። በግድግዳ በኩል የሚወጣ ከሆነ በየሜትሩ 2 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ውጭ ያዘንብል፤ እንደዚያ ከሆነ አንዳንድ ጠብታ ቢፈጠርም የሚወርደው ወደ ደጅ እንጂ ወደ ማጅራት አይደለም። ጫፉ ላይ አየር ሲገፋው የሚከፈት፣ ሲተወው የሚዘጋ ክዳን ይኑረው። መገጣጠሚያው በአሉሚኒየም ቴፕ ይታሸግ። አሜሪካ ውስጥ መነጽርም፣ መኪናም፣ ጫማም የሚጠገንበት ያ ግራጫ የጨርቅ ቴፕ ለዚህ አይሆንም፤ ሎረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ1998 የተለያዩ ማሸጊያዎችን የአየር ቱቦ መገጣጠሚያ ላይ አድርጎ በሙቀትና በብርድ ሲፈትን የወደቀው እሱ ነው።

ዋናው ነገር ግን መድረሻው ነው። ደንቡ በግልጽ አቲክ ውስጥ አትልቀቅ ይላል። ሰዎች ደንቡን ያከበሩ መስሏቸው ቱቦውን ከጣራው ክፈፍ ሥር ያስጠጉታል፤ እዚያ ያሉት ቀዳዳዎች ደግሞ አቲኩ አየር የሚስብባቸው ናቸው። እንፋሎቱ በአንዱ ወጥቶ በሌላው ይመለሳል፤ ከዚያ የምስማሮቹ ቆብ ይሆናል፣ እንጨቱን ያበሰብሳል። ውጭ ማለት ውጭ ነው፤ በጣራው ወይም በግድግዳው ተበስቶ፣ ሰማይ ያየ።

ፋኑንም ቀየርነው። ለትንሽ መታጠቢያ ቤት ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ለአንድ ስኩዌር ፊት ወለል በደቂቃ አንድ ኩቢክ ፊት አየር፣ ከ50 ግን አይነስ። 50 ማለት በደቂቃ 1.4 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ሱቅ ውስጥ ሰው ሁሉ ይህን ቁጥር ያያል፤ ድምፁን የሚያሳየውን ሶን የሚባለውን ቁጥር ግን ማንም ልብ አይለውም። ርካሹ ፋን 3 ወይም 4 ሶን ነው፤ ጥሩው ከ1 በታች፣ አንዳንዱም 0.3። የሚያጓራ ፋን የሚጠፋው ብርድ በሚፈራ ሰው ብቻ አይደለም፤ ጸጥታ በሚወድ ሰው ሁሉ ይጠፋል። የጠፋ ፋን ደግሞ ኃይሉ ስንትም ቢሆን ዜሮ ነው። ገመዱን የሚነካ ሰው ብሬከሩን ያጥፋ፤ ኤሌክትሪክ የማያውቅ ኤሌክትሪሻን ይጥራ። ፋኑ ከጂፕሰሙ ጋር በሚገናኝበት ዙሪያ ያለውን ክፍተትም መድፈን ነው፤ አለዚያ ሙቀቱ ቱቦውን ትቶ በጎኑ ወደ አቲክ ይሾልካል።

ሁሉም ተገጥሞ ሲያልቅ እናቴ "መሥራቱን በምን አውቃለሁ? ድምፅ የለውም" አለች። አንዲት የመጸዳጃ ወረቀት ወደ ፋኑ አስጠጋሁ፤ ተሳበችና ሽፋኑ ላይ ተለጠፈች። በሩን ስዘጋ ግን ወረቀቷ ወደቀች። ፋን የሚያወጣውን ያህል አየር ከሌላ ቦታ ካልገባለት የሚያወጣው ነገር የለም፤ በሩ ደግሞ ሥሩ ወለሉን ይልሳል። ባለቤቴ አናጺ ጠርታ 2 ሴንቲሜትር ያህል አስቆረጠችው፤ ወረቀቷም ተመልሳ ወጣች።

ነገሩ እናቴን ቅር አሰኛት። "ታዲያ ነፋሱ በበሩ ሥር ይገባል ማለት ነዋ" አለች። ይገባል። እዚህም ላይ ትክክል ናት፤ ርጥብ ገላ ላይ የሚያልፍ አየር ከቤቱ የሞቀም ቢሆን ውሃውን ሲያደርቅ ቆዳን ያበርዳል። ስለዚህ ስምምነት ተፈራረምን። ሰዓት ቆጣሪ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ከበሩ ውጭ ተገጠመ። እኛ ስንታጠብ ከመጀመሪያው እናበራለን። እናቴ ፋኑን ሳታበራ ትታጠባለች፣ ትደርቃለች፣ ትለብሳለች፣ ነጠላዋን ትከናነባለች፤ ከዚያ ወጥታ በሩን ዘግታ 30 ደቂቃ ላይ ትጫነዋለች። የእኛም ሲያልቅ 20 ደቂቃ ይጨምራል። ያ ትርፍ ጊዜ ለክፍሉ ብቻ አይደለም፤ በኋላ የሚሄደው የቤቱ ደረቅ አየር ቱቦው ውስጥ የቀረችውን ጤዛ ጠርጎ ይወስዳታል። ጋቢው ሲሰጣ ግን ፋኑ እስኪደርቅ ድረስ ይሠራል፤ ይህ አንቀጽ ብዙ ክርክር አስነሥቶ በመጨረሻ ያለፈው "ጋቢው ቶሎ ይደርቃል" በሚል ማግባቢያ ነው።

እኔ ግን ከዚህ ሁሉ የታዘብሁት አንድ ነገር ነው። ቤት ስንገዛ የምናየው እጅ የሚነካውን ነው፤ ንጣፉን፣ ቧንቧውን፣ የፋኑን ነጭ ሽፋን። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ገንዘቡን የሚያፈሰው እዚያው ላይ ነው፤ ከኮርኒሱ በላይ ያለው ለእግዜር የተተወ ነው። ከኮርኒሱ በታች ብርድና ሻጋታ ብለን ስንጣላ፣ የጠቡ መነሻ ከራሳችን በላይ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ራቁቱን ተኝቶ ነበር። ሁለቱም ወገን እውነት ነበረው፤ አንዳችንም ሽቅብ አላየንም። ቤት ያለው ሐበሻ በኦክቶበር፣ አየሩ ገና ለስላሳ ሳለ፣ መብራት ይዞ አቲኩን አንዴ ይጎብኝ። ቱቦውን ይከተል፤ የት እንደሚደርስ ይይ፤ ምን እንደለበሰ ይጠይቅ። እንጨቱን ይርገጥ።

እናቴ አሁን ደብረ ብርሃን ተመልሳለች። ለጎረቤቶቿ ስለ አሜሪካ ስትነግራቸው ስለ ፎቁም ስለ መንገዱም ብዙ አታወራም አሉ። "የልጄ ቤት ቱቦው ሳይቀር ብርድ ልብስ ይለብሳል" ትላለች። ግማሾቹ "እንዲህ ያለ ጥጋብ!" ይላሉ። ግማሾቹ ደግሞ ማን እንደመከረው ይጠይቃሉ፤ ያን ጊዜ ነጠላዋን አስተካክላ ጸጥ ትላለች፤ እነሱም ይገባቸዋል።